የሰንበቴ ቤታችንን ለእሑድ ተዉልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ። ልጅ ስላችሁ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። አሁን የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲፈርስ እንደ ጎረቤቶቼ ሁሉ እኔም ዕቃዬን ጭኜ ወጣሁ። ስለ መፍረሱ ልጽፍ አይደለም፤ እሱን የሚጽፍ አልጠፋም። የምጽፈው ስለ አንዲት ቤት ነው።

ቤቷ ያለችው መሀል ከተማ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ባስቀደስኩበት ደብር ግቢ ውስጥ ነው። የደብሩን ስም አልጠራም። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፤ ጋዜጣ ላይ ላወጣቸው አልፈልግም። ካነበቡት ራሳቸውን ያውቃሉ። ከቤተ ልሔሙ አለፍ ብሎ ቆርቆሮ ክዳን ያላት፣ ረዘም ያለች ቤት ናት። ግድግዳውን ተጠግተው አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ጥግ ላይ ጋን፣ በርሜልና የብርጭቆ ሳጥን አለ። ሌላ ምንም የላትም። የሰንበቴ ቤት እንላታለን።

ሰንበቴ ምን እንደሆነ የማያውቅ ወጣት ሊኖር ይችላልና በአጭሩ ልንገረው። አባላቱ ተራ ገብተው እሑድ እሑድ ዳቦ፣ እንጀራ በወጥና ጠላ ያቀርባሉ። ቅዳሴው አልቆ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ብሎ ካሰናበተ በኋላ ሰው ወደዚያች ቤት ይገባል። ካህኑ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ። መጀመሪያ የሚበላው የኔ ቢጤው ነው። ቀጥሎ የአብነት ተማሪው፣ ቀጥሎ እንግዳው፣ መጨረሻ ላይ እኛ። መሪያችንን ሙሴ እንለዋለን። ታዲያ ሙሴ ሲባል ወንበር ላይ ተደላድሎ የሚቀመጥ ሰው እንዳይመስላችሁ። የእኛ ሙሴ ጠላ ሲቀዳና ብርጭቆ ሲያለቀልቅ ነው የሚያረፍደው።

ነገሩ የመብላትና የመጠጣት ብቻ ቢሆን ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ዳቦው እየታደለ ሙሴው ስም ይጠራል። ደብተር የለውም፤ በቃሉ ነው የሚያውቀን። ማን ቀረ? ለምን ቀረ? ማን ሆስፒታል ገባ? የማን ልጅ ፈተና አለበት? ቄሱ ለሁሉም በየስማቸው ይጸልያሉ። «የተጣላ ሳይታረቅ ከዚህ ዳቦ አይቀምስም» ይባላል። እውነቱን ለመናገር ይቀምሳል፤ ግን ሰው እየገላመጠው ነው የሚቀምሰው።

አንድ ወንድምና እህት አሉን። ሰፈሩ ሲፈርስ በምትክ ቤት ተጣሉ። የሁለቱም ጥያቄ ቤቱ በማን ስም ይሁን ነው። አንዱ በዚህ አግዳሚ፣ ሌላዋ በዚያ አግዳሚ ተቀምጠው ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ክረምቱንም በጋውንም አሳለፉት። አንድ እሑድ አባ ብርጭቆውን ለወንድሙ ሰጡና «ለእሷ ቀዳላት» አሉት። እምቢ ይባላል? መስቀላቸውን ይዘው አጠገቡ ቆመዋል። ቀዳላት፤ ጠጣች። ጉዳዩ እስካሁን ፍርድ ቤት ነው። ግን ይነጋገራሉ፤ እንዲያውም ቀጠሮ ላይ አብረው በአንድ ታክሲ ሲሄዱ አይቻለሁ።

አሁን ዙሪያችንን ፎቅ የሚሠሩ ልጆችም ይመጣሉ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጋሞ የመጡ ናቸው። ቡትስ ጫማቸውን በር ላይ ያራግፉና አንገታቸውን ደፍተው ይገባሉ። ከእነሱ አንዱ ድጓ የጀመረ የአብነት ተማሪ ኖሯል። ኑሮ ሲከብደው ወደ ቀን ሥራ ገባ። አንድ ቀን ዳቦ ከተበላ በኋላ ሲያዜም ሰምተነው ማኅሌት ላይ መሪጌታው አጠገብ ቆመ። እንዲህ ያለ ሰው ቅዳሴ ላይ ብቻ ብታዩት ከሕዝቡ መሀል ትለዩታላችሁ?

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሰኔ ላይ ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ ተነገረ። የሰንበቴው ቤት ከመስከረም 1 ጀምሮ ለሱቅ ይከራያል ተባለ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አባላቱ ከሰፈሩ ስለወጡ ቤቱ እንደ ድሮው አይሞላም። ሁለተኛ፣ ደብሩ ገቢ ያስፈልገዋል። ማስታወቂያው ካለቀ በኋላ አንድ የኮሚቴ አባል ለብቻዬ ሦስተኛ ጨመሩልኝ፤ «እናቴ፣ የእርስዎ አጥቢያ አሁን አራብሳ ነው፤ እዚያ ሰንበቴ ይግቡ» አሉኝ።

በሥርዓቱ ከሄድን ልክ ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን መተዳደሪያ ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲ፣ በ1965 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ሰበካ ጉባኤ የሚደራጀው በአጥቢያ ነው። ካህናቱ፣ ምእመናኑና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንድ ላይ ሆነው ደብራቸውን ይመራሉ። እኔም አራብሳ ተመዝግቤያለሁ፤ መዋጮዬንም እዚያው እከፍላለሁ። ፍልሰታ ሊገባ ነው፤ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ዕለት ዕለት ካዛንቺስ መመላለስ ጉልበቴ አይችልምና እዚያው አራብሳ አስቀድሳለሁ። ቅዳሴው አንድ ነው፤ ሥጋ ወደሙም አንድ ነው። በዚህ ማንም አይከራከርም።

ግን ቅዳሴ የትም አለ። የእናቴን ስም የሚያውቅ ሰው የትም የለም። አራብሳ ብሎክ ቁጥሬን የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ ደግ ሰዎች ናቸው፤ ዕድሩም ገና እየተሰበሰበ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ እዚያም ጥሩ ሰንበቴ ይኖራል፤ እኔ አልደርስበትም እንጂ። የካዛንቺስ ሰው ዛሬ የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ገላን ጉራ የገባ አለ፤ አራብሳ የገባ አለ፤ ቱሉ ዲምቱ ልጁ ጋ የተጠጋ አለ። ዕድራችን ተበትኗል። ድንኳኑ የት እንደገባ እንኳ የሚያውቅ የለም። ሁላችንም የምንገናኝባት የቀረችን ያቺ ባለ ቆርቆሮ ቤት ናት።

«ቤቱ አይሞላም» ለሚሉት ደግሞ ከአራብሳ ጠላ ይዞ ካዛንቺስ መድረስ ምን እንደሚመስል ላውራቸው። ጌሾና ብቅሉን ፎቅ ላይ ማዘጋጀት ይቻላል። ጉዱ አሻሮ ሲቆላ ነው፤ ጭሱ ደረጃውን ሞልቶ አራተኛ ፎቅ ይደርሳል። ጎረቤት ቢቆጣ አይፈረድበትም። የግቢያችን ኮሚናል፣ የጋራ መገልገያ ቤቱ ማለቴ ነው፣ የተሠራው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነበር። ኮሚቴው ለሱቅ አከራይቶታል። (እዚህም ሱቅ፣ እዚያም ሱቅ። ይህ ሁሉ ሱቅ ለማን እንደሚሸጥ አንድዬ ይወቀው።) ስለዚህ ተራዬ ሲደርስ ጎሮ የምትኖር የድሮ ጎረቤቴ ግቢ ሄጄ እጠምቃለሁ።

ከዚያ ማጓጓዙ አለ። ጠላ ጀሪካን ውስጥ ሆኖ መኪና ላይ ሲናጥ ይቆጣል። ክዳኑን አጥብቀው ከዘጉት ይፈነዳል፤ ላላ ካደረጉት የሰው ነጠላ ያበላሻል። ረዳቱ ደግሞ «እማማ፣ ጀሪካኑ የአንድ ሰው ሒሳብ ይከፍላል» ይለኛል። «ከከፈለማ ወንበር ስጠው» እለዋለሁ። ይስቃል፤ ግን ያስከፍለኛል። እንዲህ አድርገን ነው የምንመጣው። ገላን ጉራ ያሉት ደግሞ ድፎ ዳቦውን በነጠላ ጠቅልለው፣ ታቅፈው ይመጣሉ። ይህን የሚያደርግ ሰው ሰንበቴውን ትቶታል ይባላል?

ቤቱ የማይሞላበት እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። እሑድ ሌሊት ከዳር ሰፈር ታክሲ አይገኝም። ሥራ የሚሄድ ሰው ስለሌለ ባለታክሲው ይተኛል፤ አልፈርድበትም። ኪዳን ደርሶ ቅዳሴ ሲገባ እኛ ገና መገናኛ ቆመናል። አቅም ያለን ተሰባስበን ኮንትራት እንይዛለን። አቅም የሌላቸው፣ በተለይ አሮጊቶቹ፣ ይቀራሉ። ከተማ አስተዳደሩ እሑድ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከየዳር ሰፈሩ ወደ መሀል የሚመጣ አንድ አንድ አውቶቡስ ቢያስነሳ ቤቱ ይሞላል። ሜክሲኮ፣ ለገሃር፣ አራት ኪሎ የሚያስቀድሰውም ይጠቀማል፤ ቤተ ክርስቲያን የማይሄደው የሌሊት ጥበቃና ነርስም ወደ ሥራው ይሳፈርበታል።

ትልልቁን ነገር የሚጠብቅለት አያጣም። ጥምቀትን ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. መዝግቦታል። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ ካሜራው ከሕዝቡ ይበዛል። አራዳ ጊዮርጊስም ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. የነገሡበት ነው፤ ማን ደፍሮ ይነካዋል? ባለፈው በ23 ልሳለመው ሄጄ የድሮ የፒያሳ ሰዎች አገኘሁ። ሰፈራቸው በ2016 ዓ.ም. ነው የተነሣው። እነሱም እንደኔው ከየዳሩ ነው የመጡት። ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመን ስለ ቤት ኪራይና ስለ ጉልበት ሕመም ስናወራ ረፈደብን። እንዲህ ላለው ወሬ ጣሪያ የሚሰጠው ሰንበቴ ነው። ሰንበቴን ግን ፎቶ የሚያነሣው የለም፤ ስለዚህም ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው።

አዲስ ሰውም እየገባልን ነው፤ ይህም ይታወቅ። ካዛንቺስ ቢሮ የሚሠሩ ወጣቶች ከእኛ ጋር ማስቀደስ ጀምረዋል። አንዷ ልጅ ባለፈው ወር ጽዋውን ተቀበለች። ዳቦውን ግን ከዳቦ ቤት ገዝታ መጣች። የኮባ ቅጠል የለው፣ ጥቁር አዝሙድ የለው። ከአሮጊቶቹ ጋር ተያየን። የዳቦ ቤት ዳቦ ለሰንበቴ አይሆንም፤ ዛሬም እንዲሁ ነው የምለው። ዝክር ነውና በላነው። በነሐሴ ተራዋ እኔ ጋ መጥታ ልትጋግር ተስማምተናል። ቤቱ ከተከራየ የጋገረችውን የት ነው የምትቆርሰው? አስፓልት ላይ?

ደብሩ ገንዘብ እንደሚያስፈልገው ይገባኛል። ከሰፈሩ መነሣት ወዲህ ሙዳየ ምጽዋቱ ቀሏል። ካህናቱም ልጆች አሏቸው፤ ደመወዝ በጸሎት ብቻ አይከፈልም። ስለዚህ ዝም ብዬ «አትንኩብን» አልልም። ሐሳቤ ይኸውና። ቤቱን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አከራዩት። ሱቅ አድርጋችሁ ግን አትከፋፍሉት፤ ግድግዳ ከገባበት አይመለስም። ለክርስትና ድግስ፣ ለተስካር፣ ለማኅበር ስብሰባ፣ ለልጆች ማስጠኛ አከራዩት። ማኅበርተኛ ሁሉ ፎቅ ቤት ገብቶ ድግስ የሚደግስበት አጥቷል፤ ተከራይ አታጡም። እሑድ ጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት ለእኛ ይሁን። ለጋኖቹ አንድ ጥግ ከቁልፍ ጋር ተዉልን። በዚህ ፈንታ እያንዳንዱ አባል በየወሩ የአቅሙን ለደብሩ ያዋጣል፤ ከሙሴው ጋር ተነጋግረንበታል፤ አልተቃወመም። አግዳሚዎቹንም እኛ እናሳድሳለን፤ አንዱ እግሩ ከተሰበረ ቆይቷል።

ይህንኑ ለደብሩ አስተዳዳሪ በጽሑፍ ሰጥተናል። ደግ ሰው ናቸው፤ «እናየዋለን» ብለውናል። መቼ እንደሚያዩት ግን አልነገሩንም፤ መስከረም ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከእናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ይህን ደብዳቤ ከነሐሴ 16 በፊት አውጡልኝ። በፍልሰታ በዓል ሁሉም የኮሚቴ አባል ግቢው ውስጥ ስለሚገኝ ጋዜጣውን ይዤ ልሄድ አስቤያለሁ። ሁለተኛ፣ ስለ እሑዱ አውቶቡስ የሚመለከተውን የከተማ ትራንስፖርት ኃላፊ ጠይቁልን። እኛ ብንጠይቅ ከመስኮት ወደ መስኮት ነው የምንላከው።

ዕድሜዬን ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሆኜ፣ ታይፕ ስመታ ነው የጨረስኩት፤ ደብዳቤ ማሳጠር አልሆነልኝም። ቦታ ከጠበባችሁ ስለ ጀሪካኑ የጻፍኩትን ቁረጡት። ስለ ዳቦ ቤቱ ዳቦም ልጅቷ እንዳይከፋት ብትቆርጡት አልቀየምም። የኪራዩን ሐሳብ ግን እንዳለ አውጡልኝ።

አክባሪያችሁ፣
የሰንበቴዋ ጠላ ጠማቂ፣ ከቦሌ አራብሳ