ስክሪኑ እየጠፋ ስለሚመለሰው ላፕቶፕህ

ለውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ማለቴ ቅር እንዳሰኘህ አውቃለሁ፤ ሰበብ አልደረድርም፣ ይቅርታህን ብቻ እለምናለሁ። በመጨረሻው መልእክትህ የላፕቶፕህ ስክሪን ድንገት ጨልሞ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ እንደሚመለስ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሰማያዊ ሆኖ እንደሚዘጋ፣ ድራይቨሩንም (ዊንዶውስ ግራፊክሱን የሚያዝበትን ፕሮግራም) ሦስት ጊዜ ደጋግመህ እንደጫንከው ነግረኸኝ ነበር። ያኔ ይገባህ የነበረውን መልስ ዛሬ በዝርዝር ልጻፍልህ።

እባክህ አራተኛ ጊዜ አትጫነው፤ ቢያንስ አሁን አይደለም። «የዲስፕሌይ ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቁሞ ነበር» የሚለው ማስታወቂያ ጥፋቱ የድራይቨሩ ነው ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ምስሉን የሚሠራውን ግራፊክስ ካርድ ሰዓት ይዞ ይከታተለዋል። ካርዱ የያዘውን ሥራ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልጨረሰ ወይም ለሌላ ሥራ ካልለቀቀ፣ ደርቋል ብሎ ካርዱንም ድራይቨሩንም እንደ አዲስ ያስነሳቸዋል። የምታየው ጨለማ ይኸው ነው። ይህ በ60 ሰከንድ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ከተደጋገመ፣ ወይም ማስነሳቱ ራሱ ካልተሳካ፣ መጨረሻው 116 የሆነ ኮድ ያለው ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። ካርዱ የዘገየው ግን በሙቀት፣ በኃይል ማነስ፣ በተበላሸ ራም (በላፕቶፑ የሥራ ሜሞሪ)፣ በቺፑ በራሱ ወይም በእርግጥም በድራይቨሩ ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያው ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ሰው ድራይቨር ሲያወርድ የሚከርመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ችግሩ ከግራፊክሱ ነው ወይስ ከስክሪኑ የሚለውን ለይልኝ። ኢቨንት ቪወር የሚባለውን የዊንዶውስ መዝገብ ክፈትና ዊንዶውስ ሎግስ ውስጥ ሲስተም በሚለው ሥር ቁጥር 4101ን ፈልግ። ስክሪኑ በጠፋበት ደቂቃ ይህ ቁጥር ከተመዘገበ ጉዳዩ የግራፊክሱ ነው። ምንም ካልተመዘገበ፣ ድምፁም ሳይቋረጥ ከቀጠለ፣ ወደ ስክሪኑና ወደ ኬብሉ አዘንብል። መስመር ወይም የተበታተነ ቀለም ከታየህ ደግሞ ስክሪንሾት አንሣና በሌላ መሣሪያ ላይ እየው። ምስሉ ላይም ካለ፣ ብልሽቱ ወደ ስክሪኑ ከመድረሱ በፊት የተፈጠረ ነው። ምስሉ ንጹህ ከሆነ ስክሪኑን ወይም ኬብሉን ጠርጥር።

ክዳኑን በጣም ቀስ ብለህ ከመዘጋት እስከ ሙሉ መከፈት አንቀሳቅሰው። ብልጭታው ከማዕዘኑ ጋር የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ፣ በማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው የስክሪን ኬብል ተልጧል ወይም ሶኬቱ ላልቷል። ይህ ኬብል በየቀኑ የሚታጠፍ ስለሆነ ቶሎ ቢያረጅ አይገርምም። ሌላ ሞኒተር መሰካትም ይረዳል፤ ግን አንድ ነገር ልብ በል። ሁለት ግራፊክስ ባላቸው ብዙ ላፕቶፖች የራሱ ስክሪን የተያያዘው ከፕሮሰሰሩ ጋር ካለው ግራፊክስ ጋር ሲሆን፣ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳው አንዳንዴ በቀጥታ ለብቻው ካለው ሁለተኛው፣ ከትልቁ ካርድ ጋር ነው። ስለዚህ ውጪው ደህና መሆኑ ብቻውን የስክሪኑን ጥፋት አያረጋግጥም። ከዊንዶውስ በፊት በሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ፣ በባዮስ ውስጥ ገብተህ 20 ደቂቃ ተወው፤ እዚያም የተዛባ ምስል ካየህ ዊንዶውስም ድራይቨሩም ገና ስላልተነሡ ጥፋቱ የሃርድዌሩ፣ ማለትም የዕቃው የራሱ ነው።

ግራፊክሱ መሆኑን ካረጋገጥክ ድራይቨሩን አንድ ጊዜ፣ በሥርዓቱ፣ አጽዳው። ከሁሉ በፊት ዲስክህን የሚቆልፈውን የቢትሎከርን መክፈቻ ቁልፍ በወረቀት ጻፍ፤ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በመሠረታዊ ነገሮች ብቻ የሚነሣበት) ሲገባ ሊጠይቅህ ይችላል፣ ከሌለህ ፋይልህን ማግኘት አትችልም። ከዚያ ከላፕቶፑ አምራች ገጽ ላይ የሞዴልህን ትክክለኛ ቁጥር አስገብተህ የሁለቱንም ግራፊክስ ድራይቨሮች አውርድ። ኢንተርኔቱን ቁረጥ፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘልለዋል፣ ዊንዶውስ አፕዴት ግን አንተ ያጸዳኸውን ቦታ በራሱ ምርጫ ወዲያው ይሞላዋል። በሴፍ ሞድ ገብተህ ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የድሮውን ጥረግ። ሪስታርት አድርገህ መጀመሪያ የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ ድራይቨር ጫን፤ እንደገና ሪስታርት፤ ቀጥሎ የትልቁን ካርድ። ኢንተርኔት የምትመልሰው ከዚህ በኋላ ነው። አዲስ የወጣው ሁሉ ይሻላል አትበል። ችግሩ የጀመረው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበረው ቅጂ ላይ ቆይ።

ከዚህ በኋላም ከቀጠለ አንድ ነገር ብቻ ቀይረህ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቅ፤ ሦስቱን በአንዴ ከቀየርክ የትኛው እንደረዳህ አታውቅም። በፓወር ፕላን ውስጥ የፒሲአይ ኤክስፕረስን (ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበትን መስመር) ኃይል ቆጣቢ አጥፋ። የኢንቴል ግራፊክስ ካለህ ፓነል ሰልፍ ሪፍሬሽ የሚለውን የስክሪን ኃይል ቆጣቢ አጥፋ፤ ስክሪኑ ሲንቀጠቀጥ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እሱ ነው። የሚጠፋው ብራውዘር ስትከፍት ብቻ ከሆነ የብራውዘሩን ሃርድዌር አክሰለሬሽን (ሥራውን ለግራፊክሱ የሚሰጠውን) አጥፋና እይ። ፍጥነት የሚጨምር ወይም ቮልቴጅ የሚቀንስ ፕሮግራም ካለ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው መልስ።

ራሙን በተለይ አትርሳብኝ። ከፕሮሰሰሩ ጋር ያለው ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፤ የሚሠራው በላፕቶፑ ራም ላይ ነው። ራሙ ላይ ያለች አንዲት የተበላሸች ቦታ የግራፊክስ ብልሽት መስላ ትወጣለች፣ ሰውም ወራት በድራይቨር ላይ ያጠፋል። ሜምቴስት 86 የሚባለውን የራም መፈተሻ በፍላሽ አድርገህ ማታ ስትተኛ አስነሣው፣ 4 ዙር ይሂድ። አንድም ስህተት መውጣት የለበትም፤ «ሁለት ብቻ ነው» የሚባል ነገር የለም። ስህተት ካወጣና ሁለት ራም ካለህ አንዱን አውጥተህ ሌላውን ለየብቻ ፈትሽ።

ሙቀቱን ጭነት ላይ እያለ ለካ። ቺፑ ከ90 ዲግሪ በላይ ከቆየ፣ ወይም ስክሪኑ የሚጠፋው ሁልጊዜ ጨዋታ ወይም ቪዲዮ ከጀመርክ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ከሆነ፣ ክፈተው። ቻርጀሩን ንቀል፣ የባትሪውን ሶኬት ፍታ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለ15 ሰከንድ ተጫን። ፋኑን በጣትህ ይዘህ አቧራውን ንፋው፤ ካልያዝከው በአየሩ ከልክ በላይ ይሽከረከራል፣ ሊበላሽም ይችላል። በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን የደረቀ ቴርማል ፔስት በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረግና አዲስ ቀባ። በሜሞሪዎቹ ላይ ያሉትን ለስላሳ ፓዶች ከቀየርክ ውፍረታቸው ከድሮው ጋር አንድ መሆን አለበት። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከበለጠ ማቀዝቀዣው ቺፑ ላይ አይቀመጥም፤ ከቀነሰም ሜሞሪው ከልክ በላይ ሊሞቅ ይችላል።

ኃይሉን ለመፈተን በባትሪ ብቻ አንድ ቀን፣ በቻርጀር ብቻ አንድ ቀን ሥራ። ቻርጀር ሲሰካ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ የቻርጀሩን ዋት ከላፕቶፑ ሥር ከተጻፈው ጋር አነጻጽር።

ያንን ዊንዶውስ ካርዱን የሚጠብቅበትን 2 ሰከንድ በሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ውስጣዊ ቅንብሮች) ወደ 10 አሳድገው የሚልህ ሰው አይጠፋም። ረጅም ሬንደር (ካርዱን ለረጅም ጊዜ የሚይዝ የምስል ሥራ) ለሚሠራ ሰው ትክክል ነው። ላንተ ግን ጨለማውን ወደ 10 ሰከንድ መድረቅ ከመለወጥ በቀር ምንም አያደርግም። ካርዱን ምድጃ ውስጥ አሙቀው የሚልህንም አትስማ። ሙቀቱ የተሰነጠቀውን ግንኙነት ለጥቂት ጊዜ ያገናኘዋል እንጂ አያድነውም። በ2008 እ.ኤ.አ. ኤንቪዲያ በላፕቶፕ ቺፖቹ ችግር ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ሲመዘግብ፣ ምክንያቱ ቺፑ የተሠራበትና የታሸገበት ቁስ ደካማነት ነበር፤ እንዲህ ያለው ከተበላሸ መዳኛው መቀየር ነው።

ሁሉም ካልረዳ የመጨረሻ ፈተና አለ። የትልቁን ካርድ ከፍተኛ ፍጥነት በ150 ሜጋኸርዝ ዝቅ አድርገው። በዚያ ከተረጋጋ ቺፑ ወይም ኃይል የሚሰጡት ክፍሎች ደክመዋል፤ ማዘርቦርዱ መታየት አለበት።

ስትመልስልኝ የላፕቶፑን ሞዴል፣ 4101 የተመዘገበባቸውን ሰዓቶች፣ በዚያ ሰዓት ምን ትሠራ እንደነበርና ቻርጀር ተሰክቶ እንደሆነ፣ የክዳኑን ፈተና ውጤት ላክልኝ። ያኔ ከየት እንደምንቀጥል እነግርሃለሁ፤ አሁን ዝም አልልህም።

ናፋቂ ወዳጅህ