ኮምፒውተር ከመቀየር በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ኮምፒውተሩ የተንቀረፈፈበት ሰው አዲስ ቢገዛ እንደሚሻለው ጽፋችሁ አነበብኩ። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ኪሳችንን ግን አላየም። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት አለኝ። ያለኝ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው፣ ራሙ 4 ጊጋባይት።

መስከረም ሲጠባ የተማሪ መታወቂያ ሥራ ይጎርፋል። ዘንድሮ ከአንድ ትምህርት ቤት ብቻ 1,400 ፎቶ መጣልኝ። የሁሉም መጠን መቀነስ አለበት። ይህን በፓወርሼል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት የዊንዶውስ ፕሮግራም) ትእዛዝ እሠራዋለሁ፤ ያስተማረኝ የእህቴ ልጅ ነው። ሥራው እስኪያልቅ ግን ያ ሰማያዊ መስኮት ሌላ ትእዛዝ አይቀበልም። አምስት መስኮት ከፍቼ የቱ የቱ እንደሆነ የጠፋብኝ ቀን ብዙ ነው።

መፍትሔው ስታርት-ጆብ የሚባል፣ አንድን ሥራ («ጆብ» ይሉታል) ከኋላ የሚያሠራ ትእዛዝ ሆነ። ዊንዶውስ 10 ላይ አብሮ የሚመጣ ነው፣ ሳንቲም አይከፈልበትም። ፓወርሼል ውስጥ የገባውም እንደ ፈረንጆቹ በ2009 ነው፤ እኔ ዘንድሮ ሰማሁ እንጂ! ልጅን ወፍጮ ቤት እንደመላክ ነው። እሱ ይሄዳል፣ አንቺ ሥራሽን ትቀጥያለሽ። በጌት-ጆብ ገና እየሠራ ይሁን ጨርሶ ታያለሽ፣ ሲጨርስ በሪሲቭ-ጆብ ዱቄቱን ትቀበያለሽ።

ልጁን ግን እህሉን ሳታስይዢ ከላክሽው ባዶ እጁን ይመለሳል። የመጀመሪያ ቀን የገጠመኝ ይኸው ነው። የፎቶዎቹን ፎልደር መስኮቱ ላይ ስለጻፍኩት ጆቡም የሚያውቀው መስሎኝ ነበር። አያውቅም፤ ለብቻው ነው የሚሠራው። «አለቀ» አለኝ፣ አንድም ፎቶ አልተነካም። ለፎልደሩ ከሰጠሁት ስም ፊት «ዩዚንግ» የምትል ቃል ስጨምር ተስተካከለ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ሱቁን ስዘጋ መስኮቱንም ዘጋሁት። ከኋላ አይደል የሚሠራው ብዬ። ጠዋት ስመጣ ያለቀው 300 ያህሉ ብቻ ነው። ለካ መስኮቱ ሲዘጋ ጆቡም አብሮ ይሞታል። ደግሞ አሥር ጆብ ባንዴ ለቅቄ ኮምፒውተሩ ድርቅ ብሎ ቀርቷል። እያንዳንዱ የራሱን ራም ይበላል። አሁን ከሁለት አላልፍም።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። አልከፈት ያሉትን ፎቶዎች ስም በሪሲቭ-ጆብ አየሁና ደንበኛ ስለመጣ ተነሳሁ። ተመልሼ ብጠይቀው ባዶ! አንዴ ከሰጠ በኋላ አይደግምም፤ «ኪፕ» ብለሽ ካላዘዝሽው በቀር።

ይህንን ሁሉ በአማርኛ የጻፈ ሰው አላገኘሁም። ገጻችሁ ስለ አዲስ ስልክ ከሚያወራው ቦታ ሩቡን ለእንዲህ ዓይነቱ ቢሰጥልን? ከቻላችሁ ከ«ኪፕ» ጀምሩልኝ። እኔ እሷን ባለማወቄ ሥራውን ደግሜ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ሱቅ ውስጥ አምሽቻለሁ።

የጽሕፈት ቤት ባለቤት
ከቱሉ ዲምቱ