«ማውሱ ሞተ» ብላችሁ ከመምጣታችሁ በፊት

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ላፕቶፓችሁ ተችፓድ ነው፤ ከኪቦርዱ በታች ያለው፣ በጣት እየነካችሁ ቀስቷን የምታንቀሳቅሱበት፣ ብዙ ሰው ማውስ የሚለው ሰሌዳ ማለት ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት የልጃቸውን ላፕቶፕ ይዘው መጡ። «ማውሱ ሞቷል፤ ልጄ ነገ አሳይመንት ያስገባል» አሉን። ሁለት ታክሲ ቀይረው ነው የደረሱት። ላፕቶፑ ኤሰር ነበር። ባልደረባችን ኤፍ ኤን የሚለውን ቁልፍ ይዞ ኤፍ 7ን አንዴ ነካ። ቀስቷ ወዲያው ተንቀሳቀሰች። ገንዘብ አልተቀበልንም። ቢሆንም የሴትየዋ ግማሽ ቀን በከንቱ መባከኑ አሳዝኖናል። ይህን ደብዳቤ ያጻፈንም እሱ ነው።

ተችፓድ የሚያጠፋ ቁልፍ ብዙ ላፕቶፖች ላይ አለ። ከላይኛው ረድፍ ቁልፎች መካከል የተችፓድ ምስል ያለበትን ፈልጉ። ሰው ድምፅ ልቀንስ ሲል ወይም ኪቦርዱን ሲወለውል ሳያውቅ ይነካዋል። ስለዚህ ስታጸዱ መጀመሪያ ላፕቶፑን አጥፉት። ብዙ ሌኖቮና ዴል ላይ ደግሞ ኤፍ ኤን እና ኢስኬፕን አብራችሁ ስትጫኑ የላይኛው ረድፍ አሠራር ይቀየራል። ቀድሞ ተችፓዱ በአንድ ቁልፍ ይጠፋ ከነበረ፣ ያኔ ለማጥፋት ሁለት ቁልፍ ግድ ይሆናል፤ በስህተት የመንካቱ ነገርም ይቀንሳል።

ከቆዩት ኤችፒዎች አንዳንዶቹ ለየት ይላሉ። የተችፓዱን የግራ የላይኛ ጥግ ሁለቴ መታ መታ ካደረጋችሁት ይጠፋል። እንደገና ሁለቴ ስትነኩት ይመለሳል። አንዳንድ አሱሶች ላይ ደግሞ የቀኝ የላይኛውን ጥግ ለትንሽ ጊዜ ስትጫኑ ተችፓዱ ላይ ቁጥሮች ይበራሉ። አልተበላሸም፤ እዚያው ጥግ ላይ መልሳችሁ ጫኑት።

ዊንዶውስ 11 ላይ ቀሪውን ከሴቲንግ ታስተካክላላችሁ። ቀስቷ እምቢ ካለች የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ I የሚለውን ፊደል ተጫኑ፤ ሴቲንግ ይከፈታል። ወይም ከጎረቤት ማውስ ተውሳችሁ ሰኩ። ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ ውስጥ ገብታችሁ ተችፓድ የሚለውን ክፈቱ። እዚያ ውስጥ ማውስ ሲሰካም ተችፓዱ እንዲሠራ የሚፈቅድ ሳጥን አለ። ምልክቱ ከተነሳ፣ ገመድ አልባው ማውስ ቤት ቢቀርም ትንሿ ሪሲቨር ላፕቶፑ ላይ እስካለች ድረስ ተችፓዱ ዝም ይላል። በዚህ የተነሳ ወደ እኛ የመጡ አሉ።

ብዙ ለምትጽፉ፣ በተለይ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ላላችሁ ተማሪዎች፣ አንድ ነገር አጥብቀን እንመክራለን። እዚያው የተችፓዱ ሴቲንግ ውስጥ በአንድ ጣት መታ በማድረግ ክሊክ የሚለውን አጥፉት። ካላጠፋችሁት መዳፋችሁ ተችፓዱን ሲነካ ከርሰሩ (የምትጽፉበትን ቦታ የሚያሳየው ብልጭ ድርግም የሚለው ሰረዝ) ሌላ መስመር ላይ ይዘላል፤ ያላሰባችሁት ቦታ ላይ ትጽፋላችሁ፤ አንዳንዴም የለፋችሁበት አንቀጽ ይጠፋል። ካጠፋችሁት በኋላ ክሊክ የሚሆነው ተጭናችሁ ብቻ ነው። መጀመሪያ ይከብዳል፤ ግን በሁለት ቀን ትለምዱታላችሁ። ሴንሲቲቪቲውንም (ለንክኪ ያለውን ስሜት) ሎው ላይ አድርጉት። መስኮት በራሱ የሚቀያየርባችሁ ከሆነ በሦስት ጣት የሚሰጠውን ትእዛዝ ናቲንግ (Nothing) ላይ አስቀምጡ። ብሮውዘር ላይ ጽሑፉ ድንገት ከገዘፈ ኮንትሮልና ዜሮ ይመልሱታል።

ቀስቷ የምትዘለው ቻርጅ ላይ ሲሆን ብቻ ከሆነስ? ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሞክሩ። ከተስተካከለች ችግሩ ከቻርጀሩ ወይም ከሶኬቱ ሊሆን ይችላል። ተችፓድ የጣትን መንካት የሚያውቀው በጣም ትንሽ በሆነ የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። ሶኬቱ የመሬት ሽቦ ከሌለው ያ ለውጥ ሊረበሽ ይችላል። ሌላ ሶኬት ወይም ሌላ ቻርጀር ሞክሩ።

አሁን የምንነግራችሁን ግን በሴቲንግ አትሞክሩት። ተችፓዱ ወደ ላይ ከተነፋ፣ አልጫን ካለ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል። ብዙ ላፕቶፖች ላይ ባትሪው ያለው እዚያው ከታች ነው። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ወዲያው ቻርጀሩን ንቀሉ፤ ላፕቶፑን አጥፉ። ወደ ታች አትጫኑት፤ በስለት አትንኩት፤ አልጋና ፍራሽ ላይ አታስቀምጡት። በተቻለ ፍጥነት አምጡልን። ለዚህ ሁለት ታክሲ ቢሆንም ኑ።

ለሌላው ሁሉ ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉልን። የላፕቶፑን ስምና ከጀርባው ያለውን የሞዴል ቁጥር ንገሩን፤ የትኛውን ቁልፍ እንደምትነኩ በስልክ እናሳያችኋለን። ለዚህ አናስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤትና የጥገና ባልደረቦች