የሠርጉን አልበም አውጪልኝ

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፣ ጅማ

እንደምን ከረማችሁ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? አባዬስ ሳሉ ተሻላቸው? ቡና ለቀማው አለቀ? እኔ ደህና ነኝ። ይሄን "ደህና ነኝ" ስንቴ ብዬሽ ነበር፤ የአሁኑ ግን እውነቴን ነው።

ደብዳቤውን መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢው። ለእማዬ የምትችለውን ያህል ብቻ ንገሪያት። የአባዬን ነገር አንቺ ታውቂበታለሽ።

ባሌ ደውሎ "ልጃችሁ ባለገች፣ ጠፋች" እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። አልጠፋሁም። ያለሁት ባል ያሰቃያቸው ሴቶች በሚያርፉበት መጠለያ ነው። አድራሻው ለማንም አይነገርም። ላንቺም አልነግርሽም፣ እንዳትቀየሚኝ።

ዓመቱን ሙሉ "አሜሪካ ገብታ ኮራች" ስትሉኝ ነበር አይደል? ጠዋት ሥራ ሲወጣ የዋይፋዩን ሞደም ነቅሎ ቦርሳው ውስጥ ይከተዋል። ገመዱን እንኳ አይተውም። ማታ ሲመለስ ይሰካዋል። ያኔ እናንተ ጋ ሌሊት ነው፣ ደግሞም እሱ አጠገቤ ነው። ፓስፖርቴንም እሱ ነበር የሚይዘው። ዱላው የመጣው በኋላ ነው፤ ስለሱ ብዙ አልጽፍልሽም።

ከዱላው በላይ ያሰረኝ ግን አንድ አባባሉ ነው፦ "ወረቀትሽ በእጄ ነው።" በጋብቻ የመጣ ሰው፣ ሲገባ ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው፣ የሚሰጠው የሁለት ዓመት ግሪን ካርድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው። ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ባልና ሚስት አብረው ፈርመው ቋሚውን ይጠይቃሉ። "አልፈርምም፣ በመጣሽበት ትመለሻለሽ" ይለኛል። አመንኩት። ሌላ ማን ሊነግረኝ?

ለካ ተነግሮኝ ነበር! ኤምባሲ ቃለ መጠይቅ የሄድን ጊዜ ትዝ ይልሻል? ከጅማ በሌሊት ተነስተን፣ ጊቤ ስንደርስ አንቺ በላስቲክ ስታስመልሺ። ያን ቀን ከሰጡኝ ወረቀቶች መሀል ስለ ቤት ውስጥ ጥቃትና ስለ መብታችን የሚያወራ ጽሑፍ ነበረበት። በጋብቻ ቪዛ ለሚሄዱ እንዲሰጥ በፈረንጆቹ 2005 በሕግ ታዟል አሉ። እኔ ከነኤክስሬዩ ሻንጣ ታች ወሸቅኩት። ዘንድሮ ብርድ ሲጀምር ጋቢ ፍለጋ ሻንጣውን ስገለብጥ ወጣ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሦስቴ አነበብኩት።

የእርዳታ ስልክ ቁጥር አለው፣ 1-800-799-7233። የትም አልጻፍኩትም፣ በቃሌ ያዝኩት። ልብስ ማጠቢያ ቤት ከአንዲት ሴትዮ ስልክ ለምኜ ደወልኩ። "አማርኛ፣ አማርኛ" ብቻ አልኩ። ቆይተው አስተርጓሚ አገናኙኝ። "ጤና ይስጥልኝ እህቴ" ስትለኝ ማልቀስ ብቻ ሆነ ሥራዬ። ታገሰችኝ።

አሁን ነፃ ጠበቃ አለችኝ። የተደበደበች ወይም በመንፈስ የተሰቃየች ሚስት ያለ ባሏ ፊርማ ብቻዋን ማመልከት ትችላለች አለችኝ። 90 ቀኑንም መጠበቅ የለብኝም። የተጎዳው ባል ቢሆንም ያው ነው። ክፍል የምትጋራኝ ልጅ ደግሞ የባሰ ነው የገጠማት፤ ባሏ የአሜሪካ ዜጋ ሆኖ ሳለ ጭራሽ አላመለከተላትም። ለእንደሷ ዓይነቶቹ በፈረንጆቹ 1994 የወጣ ሕግ አለ። ራሷ ለራሷ አመለከተች።

እንቅልፍ የሰጠኝ ግን ሌላ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የኔን ጉዳይ ለባሌ መንገር ተከልክሏል። እሱ ባወራው ብቻም ሊፈርዱብኝ አይችሉም። የፈለገውን ቢደውል ይደውል።

ጊዜ ይፈጃል፤ ይሳካል ብሎ የማለልኝም የለም። እኔ ደግሞ ፖሊስ ጠርቼ አላውቅም። ባሌን ለፖሊስ? በአባዬ ልጅነቴ እንዴት አድርጌ! ጠበቃዋ ግን የፖሊስ ወረቀት ግዴታ አይደለም፣ የሚታመን ማስረጃ ሁሉ ይታያል አለች። የጻፍኩልሽም ለዚሁ ነው።

አንደኛ፣ የምስክርነት ቃል ጻፊልኝ። በአማርኛ ይሁን፣ እዚህ ይተረጎማል። ሙሉ ስምሽን፣ አድራሻሽን፣ የተወለድሽበትን ቀንና ቦታ፣ ምኔ እንደሆንሽና ነገሩን እንዴት እንዳወቅሽ አድርጊበት። ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይሪው። እማዬን ከጠየቅሽ "የጥምቀት ማግስት" ነው የምትልሽ፣ እሱ አይሠራም። የእንቁጣጣሽ ለት በቪዲዮ ስናወራ ስልኩን ሲቀማኝ ምን አየሽ? ኮርኒስ ብቻ ካየሽ ኮርኒስ ብለሽ ጻፊ። ድምፅ ከሰማሽ ድምፁን። ምንም እንዳትጨምሪ። አንቺ ወሬ ማሳመር ትወጃለሽ፣ እዚህ ላይ አደራ።

ሽማግሌዎቹ "ታገሺ በሏት" ብለው ተመልሰው ከመጡ ቡና አፍሉላቸው። ስልኬን ግን አትስጧቸው። አባዬ "ታረቂ" ያሉኝ ስላላወቁ ነው፤ አልተቀየምኳቸውም በያቸው።

ሌላው አልበሙ ነው። ጋብቻው የእውነት እንደነበር ማሳየት አለብኝ። እውነትም ነበር እኮ እትዬ፣ ወድጄው ነው ያገባሁት። የሠርጉን፣ የመልሱን፣ አባዬ እሱን አጠገባቸው በርጩማ ላይ አስቀምጠው ማር ሲያቀርቡለት የተነሳውን በስልክሽ አንስተሽ ላኪልኝ። ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በር ላይ የተነሳነውንም እንዳትረሺ። እማዬ ጀርባው ላይ ቀኑን በእጇ ጽፋበታለች። ጀርባውንም አንሺው።

ታናሽሽ