ላፕቶፕ ይዞ ለሚሠራ፦ ጎንደር ወይስ ባሕር ዳር?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከውጭ ድርጅቶች ጋር በኦንላይን የሚሠሩ ወጣቶች ሲበዙ «ለመቀመጥ ጎንደር ይሻላል ወይስ ባሕር ዳር?» የሚለው ክርክርም በዝቷል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ ከጣናና ከፋሲል ግንብ አያልፍም። ለዚህ ሥራ ግን ዋናው ነገር ምሽቱ ነው። የኒውዮርክ ቢሮ ሲከፈት እኛ ዘንድ በእነሱ ብርድ ወራት 11 ሰዓት፣ በሙቀታቸው ወራት 10 ሰዓት ነው። ስብሰባው ሰፈሩ እራት ከሚሠራበት ሰዓት ጋር ይጋጫል ማለት ነው።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። በአንድ ትራንስፎርመር ሥር ብዙ ምጣድ ከተጣደ መስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ቤት ኃይል ይወርድበታል፤ አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ዩፒኤሱ (መብራት ሲቋረጥ ከባትሪ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ) ቀጭ ቀጭ እያለ ከባትሪ መጠቀም ይጀምራል። መብራት ሳይሄድ ባትሪው ያልቃል። በዚህ ሁለቱም ከተሞች ያው ናቸው።

ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-ሰዓት ጄል ባትሪ በወረቀት 1,200 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ስለሚያሳጥር 600 ያዙ፤ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚበላው ሲቀነስ 500 ገደማ ይተርፋል። ላፕቶፕና ራውተር 45 ዋት ቢስቡ 11 ሰዓት ያህል ያሠራል። የመኪና ባትሪ ግን ሞተር ለማስነሳት እንጂ ቀስ እያለ ለመራገፍ ስላልተሠራ ቶሎ ይሞታል።

የሞባይል ዳታን ዋና መስመር ማድረግ አያዋጣም። መብራት ሲሄድ ሰፈሩ በሙሉ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ስለሚዞር ይጨናነቃል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ሲቋረጥም ሁለቱንም ከተሞች እኩል ነው የነካው። ቤት ስትከራዩ ፋይበር ግቢው መግባቱን ጠይቁ። በመዳብ መስመር ዳውንሎዱ ደህና ቢሆን እንኳ አፕሎዱ፣ ማለትም ከእናንተ ወደ ውጭ የሚላከው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ1 ሜጋቢት ብዙም አያልፍም፤ በ720 ጥራት የሚደረግ የቪዲዮ ስብሰባ ግን ወደ 1.2 ሜጋቢት ይፈልጋል። እናንተ እየሰማችሁ እነሱ «አይሰማም» የሚሏችሁ ለዚህ ነው። ፍጥነቱን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ለኩ፤ ደላላው ቤት የሚያሳየው ረፋድ ላይ ነው፣ ረፋድ ላይ ደግሞ የማይሠራ መስመር የለም።

ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ባሕር ዳር ከፍታዋ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለ ቬንቲሌተር መሥራት ይከብዳል። ቬንቲሌተሩ 50 ዋት ከጨመረ ባትሪው የሚያሠራበት ያ 11 ሰዓት ወደ 5 ይወርዳል። ወባም ስላለ አጎበር ያስፈልጋል። ሜዳነቷና ብስክሌቷ ግን አይካድም። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ቬንቲሌተር አያሻትም፤ ለእኔ ሚዛኑን ወደ እሷ የሚያደላው ይህ ነው።

ጎንደር የምትሸነፈው በውኃ ነው። ለከተማዋ ውኃ የሚሰጠውን የአንገረብ ግድብ ደለል አስቸግሮታል፣ ውኃ በፈረቃ የሚደርሳቸው ሰፈሮች አሉ። የ1,000 ሊትር ሮቶ፣ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ከታሰበ፣ ሁለት ሰው 10 ቀን ያቆያል። ግን ሮቶው ከፍ ብሎ መሰቀሉን እዩ። መሬት ላይ የተቀመጠ ሮቶ ፓምፕ ስለሚፈልግ መብራት ሲሄድ ውኃውም አብሮ ይሄዳል።

ለአጭር ጊዜ የምትመጡ ደግሞ ጥር 10 እና 11ን አስቡ። ለጥምቀት አልጋ ይጠፋል፣ ዋጋም ይወደዳል። በዚያ ሳምንት ሥራ ማስረከቢያ አትቅጠሩ።

አንባቢ፣ ከጎንደር