ስለ ውሻው፣ ስለ ዝምታዬም

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እናትህ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ማለቴ እንደሚገርምህ አውቃለሁ። እውነቱን ልንገርህ። የአባትህን ለቅሶ አልደረስኩም። ያን ሰሞን ክፍለ ሀገር ነበርኩ፤ ስመለስ አርባቸው አልፎ ነበር። ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል ሀፍረቱ እየከበደኝ መጣ። ስልኬን አንስቼ፣ ስምህን አይቼ፣ መልሼ ያስቀመጥኩበት ቀን ብዙ ነው። ይቅር በለኝ። እሳቸው ለእኔም አባት ነበሩ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ የሰፈራችን ልጅ አገኘኝ። ለገጣፎ አዲሱ ቤት እንደገባህና የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ ልትገዛ እንደሆነ ነገረኝ። ቀብድ ሳትከፍል ልድረስብህ ብዬ ነው የምጽፍልህ። እኔም ሱሉልታ ከገባሁ ጀምሮ አንድ አለኝ። ጃክ ይባላል፤ ስምንት ዓመቱ ነው።

ያኔ ሳመጣው እኔም እንዳንተ ነበር ያሰብኩት። ሌባ አለ፣ ማታ ጅብ ይጮሃል፣ አጥሩ ገና ቆርቆሮ ነው። ትልቅ ውሻ በር ላይ ይታሰር፣ በቃ። ግን ይህ ዝርያ ለበር አይደለም፣ ለበግ ነው የተፈጠረው። በፈረንጆቹ 1899 ማክስ ፎን ሽቴፋኒትዝ የሚባል የጀርመን ፈረሰኛ ጦር መኮንን አንድ የእረኛ ውሻ ገዝቶ፣ ማኅበር አቋቁሞ ነው ያስጀመረው። የእነዚያ ውሾች ሥራ በጎቹ የሰው ማሳ እንዳይገቡ መጠበቅ ነበር። ማሳው አጥር የለውም። ውሻው ራሱ አጥር ሆኖ ቀኑን ሙሉ ድንበሩ ላይ ሲመላለስ ይውላል።

ጃክም ያው ነው። በአጥሩ ዙሪያ ሲመላለስ ሣሩ አልቆ ቀጭን መንገድ ወጥቶለታል። ልጆቼ ኳስ ሲጫወቱ ይዞራቸዋል። አንዱ ከተነጠለ ከኋላው ደርሶ ተረከዙን ቀጨም አድርጎ ወደ ሌሎቹ ይመልሰዋል። ቁጣ የለበትም። ትንሽ ልጅ ግን ይህን ከየት ያውቃል? ይደነግጣል፣ ይሮጣል። ሲሮጥ ደግሞ ውሻው ይብስበታል። ያንተ ትንሹ ገና አራት ዓመቱ ነው አይደል?

የመጀመሪያውን ዓመት አስሬው ነው ያሳለፍኩት። ቀን በሰንሰለት፣ ማታ ፍታ፤ ልማዳችን ነው። የታሰረበትን መሬት ቆፍሮ ጉድጓድ አደረገው። አንገቱ ላይ ፀጉሩ አልቆ ቆዳው ቀላ። አንድ ቀን ሰንሰለቱ ተበጠሰና የጎረቤት ልጅ ባቱ ላይ ነከሰ። ቁስሉን ሩብ ሰዓት ሙሉ በውሃና በሳሙና አጥበን ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። ጃክ የእብድ ውሻ ክትባት በሦስት ወሩ ወስዷል፤ ካርዱን ይዤ ነበር። ቢሆንም ልጁ መርፌውን ጀመረ፣ እኛም ውሻውን 10 ቀን እንድንከታተል ተነገረን። በየማለዳው ውሃ ሲጠጣ ለማየት ሳህኑ አጠገብ እቀመጥ ነበር። የልጁ እናት በየቀኑ ትመጣለች። ምንም አትልም። ውሻውን አየት አድርጋ ትሄዳለች። ልጁ ዳነ፣ ጃክም ጤነኛ ሆኖ 10 ቀኑን ጨረሰ። የእሷን ፊት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ከዚያ ወዲህ ጃክን አስሬው አላውቅም።

አሁን ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት አብሬው እወጣለሁ። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል። ለዚህኛው ግን ምግብ ብቻ አይበቃውም፤ ሥራና ሰው ይፈልጋል። አንተ በ12 ሰዓት ወጥተህ ማታ 2 ሰዓት ነው የምትገባው አሉኝ። ታዲያ ማን ያወጣዋል?

ምግቡም ቀላል አይደለም። ወንዱ ሲያድግ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። እኔ ከሥጋ ቤት ሳምባ እየገዛሁ ከሩዝ ጋር እቀቅልለታለሁ። ጥሬውን በፍጹም! ሳምባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር አይተህ ታውቃለህ? የትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ከበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ወጥቶ ልጆችህ እጅ ላይ ይደርሳል። በሁዳዴ ደግሞ የሰፈራችን ሥጋ ቤት 55 ቀን ይዘጋል፤ ቀድሜ ካላሰብኩበት እቸገራለሁ።

ከሁሉ በላይ የማስበው ለእናትህ ነው። በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ጃክ ሰው ሲወድ በሁለት እግሩ ቆሞ ነው የሚቀበለው፤ እኔን እንኳ ያንገዳግደኛል። ፀጉሩም ዓመቱን ሙሉ ይረግፋል። ነጠላቸውን እንዴት አድርገው እንደሚይዙ ታውቃለህ።

እኔን ብትሰማኝ አሁን አትግዛ። ለሌባው ከሆነ አንድ የአበሻ ውሻ ይበቃሃል። ትንሽ ይበላል፣ ብርዱን ችሎታል፣ ኮሽታ ሰምቶ ዝም አይልም። እሱንም አስከትበው፣ ማታ ለጅብ ከአጥር ውጭ አትተወው። ትንሹ ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላው፣ ሥራህም ሲረጋ፣ ያኔ አብረን እንፈልጋለን። እናትና አባቱን ቆመው ሲራመዱ ሳናይ አንገዛም። ይህ ዝርያ ዳሌው ላይ ችግር አለበት። ጃክም ዘንድሮ ደረጃ ሲወጣ የኋላ እግሩን መጎተት ጀምሯል። ሳየው ሆዴ ይባባል።

ቅዳሜ ከሰዓት እመጣለሁ። መጀመሪያ እናትህ ጋ ገብቼ ያልደረስኩትን ለቅሶ ልድረስ። እሑድ ደግሞ ልጆቹን ይዘህ ሱሉልታ ናልኝ፤ ጃክን ይዩት። በሩን ስታንኳኳ ይጮሃል። እኔ እስክወጣ ልጆቹ መኪና ውስጥ ይቆዩ።

ወንድምህ