በጨው ውሃ ምክንያት ሳይበቅል ስለቀረው የሽንኩርት መደቤ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአትክልት ዘር መሸጫው ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ ከዘሩ ጋር የተሰጠኝ የአዘራር ወረቀት ስላደረሰብኝ ጉዳት

ጤና ይስጥልኝ።

ወደ ሮቢት አቅጣጫ፣ ጣና ዳር፣ ግማሽ ጥማድ መሬት ላይ ሽንኩርት አለማለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ዘር የገዛሁት ከእናንተ ነው። ዘንድሮም መስከረም 24 ቀን ግማሽ ኪሎ ቦምቤ ሬድ የተባለውን የሽንኩርት ዘር ወሰድኩ። ሻጩ ልጅ ዘሩን ሲያቀብለኝ ማኅተማችሁ ያለባት ወረቀት ጨመረልኝ። «እትዬ፣ እንደዚህ ካደረጉ ቶሎ ይበቅላል፤ ተባይም አይነካውም» አለኝ።

ወረቀቷ የምትለው እንዲህ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው ይሟሟ። ዘሩ ሁለት ሌሊት ይዘፍዘፍበት። ሳይታጠብ ይዘራ። መደቡም ላይ ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ይኸው ውሃ ይርከፍከፍ።

ተጠራጥሬ ነበር። ግን ማኅተም አየሁና አመንኩ። ሰባት ማታ፣ በየማታው ሁለት ጀሪካን የጨው ውሃ አርከፈከፍኩ። አሥር ኪሎ የሚጠጋ ጨው አለቀ። መስከረም 28 የተዘራ ሽንኩርት እስከ ጥቅምት 8 ድረስ ጎበጥ ብሎ ብቅ ማለት ነበረበት። ጥቅምት 12 መደቡን የሸፈንኩበትን ሣር ገልጬ ሳየው መደቡ ባዶ ነው። የበቀለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የጨው ውሃው ሁልጊዜ እያለቀብኝ የማይደርስበት የመደቡ ጫፍ።

በማግስቱ ሱቃችሁ መጣሁ። ልጁ «የሐይቁ ውሃ ነው፣ ጣና እምቦጭ ከገባበት ወዲህ ተበላሽቷል» ብሎ መለሰኝ። ይህ መልስ ከባዶው መደብ በላይ አሳዘነኝ። ጠዋት ጠዋት መላውን መደብ የማጠጣው ከሐይቁ በፓምፕ ስቤ ነው። ያ ጫፍም የበቀለው በዚሁ ውሃ ነው። እምቦጭ ብዙ በድሎናል፤ ይህ ግን የሱ ጥፋት አይደለም። ጣና ጨው የለውም። ምክንያቱም መውጫ አለው፤ ዓባይ ይዞት ይሄዳል። ጨው የሚጠራቀመው መውጫ በሌለው ሐይቅ ነው። አፍዴራን አስቡ፤ ወጣችን ውስጥ የምንጨምረው ጨው በአብዛኛው ከዚያ ነው የሚመጣው።

ዝም ብዬ አልከሰስኳችሁም። ከፓኬቱ የተረፈኝን ዘር አምሳ አምሳ ፍሬ ቆጥሬ በአራት ሳህን፣ በእርጥብ ሶፍት ላይ አስቀመጥኩ። ሳልዘፈዝፍ በሐይቅ ውሃ ያረጠብኩት በ12 ቀን 42 በቀለ። አንድ ሌሊት በሐይቅ ውሃ የተዘፈዘፈው 43 በቀለ፤ እሱ ሁለት ቀን ቀድሞ ወጣ። እንደ ወረቀታችሁ በጨው ተዘፍዝፎ፣ ሳይታጠብ፣ በጨው ውሃ እንደረጠበ የቆየው አንድም አልበቀለም። አራተኛው ግን ገረመኝ። እሱም በጨው ሁለት ሌሊት ተዘፍዝፏል፤ ከዚያ ደጋግሜ አጥቤ በሐይቅ ውሃ አስቀመጥኩት። ዘግይቶ 31 በቀለ።

ስለዚህ ዘራችሁ ደህና ነው። ይህን በግልጽ እመሰክራለሁ። ያጠፋው ወረቀቱ ነው።

ነገሩን ቤታችን እናውቀዋለን። ቋንጣ ስንሰቅል ጨው የምንነሰንሰው የሥጋውን ውሃ እንዲስብልን ነው። ዘርም ለመብቀል ውሃ ጠጥቶ ማበጥ አለበት። ዙሪያው ያለው ጨው ውሃውን አለቅም ካለ፣ ዘሩ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይጠማል። ሲቆይ ደግሞ ጨው ራሱ ገብቶ ይጎዳዋል። እናቴ ለጠላ ብቅል ስታበቅል ገብሱን በንጹሕ ውሃ ትዘፈዝፋለች። ጨው ስትጨምር አይቼ አላውቅም። በሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማለት ወደ 35 ግራም ነው፤ የባሕር ውሃ ጨው ይህን ያህል ነው። ሽንኩርት ደግሞ ጨው የማይችል አትክልት ነው። ቀይ ሥርና ቆስጣ ይሻላሉ፤ እነሱም ቢሆኑ በባሕር ውሃ አይለሙም።

ወረቀቱ ከየት እንደመጣ የገባኝ አጎቴ ሊጠይቀኝ ቤቴ ሲመጣ ነው። ፎገራ ሩዝ ያመርታል። አንብቦ «ይሄ እኮ የሩዝ ነው!» አለ። ሩዝ አምራች ዕንቁላል የሚያንሳፍፍ የጨው ውሃ ያዘጋጃል። ዘሩን ሲጨምረው ባዶው ይንሳፈፋል፣ ፍሬ ያለው ይሰምጣል። የተንሳፈፈው ተጠልፎ ይጣላል፤ የሰመጠው ወዲያው በንጹሕ ውሃ ይታጠባል። ሥራው ማበጠር ነው፤ የደቂቃዎች ነው። እንደኔ ግምት አንድ ሰው ይህን ለአትክልት ገልብጦ፣ መታጠቡን ረስቶ፣ ደቂቃውን ሌሊት አደረገው።

ሌላም አለ። ዘሩ መድኃኒት የተቀባ ነው፤ ስዘፈዝፈው ውሃው ቀላ። በንጹሕ ውሃም ቢሆን እንዲህ ያለውን ዘር መዘፍዘፍ መድኃኒቱን ያጥበዋል። እኔም በባዶ እጄ ነበር የነካሁት። ወረቀቱ ስለዚህ አንድ ቃል አልጻፈም።

አሁን ብዘራ ችግኙ ለመዛወር 50 ቀን ይፈልጋል፤ ከዚያ መሬት ላይ ወደ 110 ቀን። ሚያዝያ አጋማሽ ይገባል። ፋሲካ ዘንድሮ ሚያዝያ 4 ነው፤ አይደርስልኝም። ሽንኩርት የሚፈለገው ለዶሮ ወጡ ሰሞን ነው፤ እኔም ዓመቱን ሙሉ የማስበው ለዚያ ገበያ ነው።

የምጠይቀው የፋሲካውን ገበያ እንድትከፍሉኝ አይደለም። ግማሽ ኪሎ ዘር ይተካልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ። ወረቀቱ ከነገ ጀምሮ አይሰጥ። ከሁሉም በላይ ግን ወረቀቱን ለወሰዱ ሰዎች ደውሉ። ስልካቸው ደረሰኛችሁ ላይ አለ። ገና ያልዘራ ሰው ዘሩን ቶሎ ካጠበ ብዙው ይድናል፤ ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት ልትዘራ ስትል ደርሼ አብረን አጥበናል፣ አሁን እየበቀለላት ነው። መደቡ ላይ ያፈሰሰ ደግሞ ጨውን ወደ ታች እስኪያወርድ በብዙ ንጹሕ ውሃ ያጠጣ፤ ሳይዘገይ እንደገና ይዝራ።

ደረሰኙን፣ ወረቀቷንና የአራቱን ሳህን ፎቶ አያይዣለሁ። ሳህኖቹን አልጣልኳቸውም፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። እስከ ኅዳር 12 መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የአራት ዓመት ደንበኛችሁ